የድንጋዩ ድርሻ

በአንድ ወቅት የሆነ ነገር ነው፤ ሽማግሌ ተብዬ ስለተቀመጥኩበት ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። አቶ ደረበ የሚባሉ ባለ ወፍጮ ነበሩ። ወፍጮው የተተከለበት ቤት የኪራይ ነው። ቅዳሜ ገበያ ሲበተን የሳምንቱን ገቢ ለልጆቻቸው ሲያካፍሉ፣ ከአምስት አንዱን አስቀድመው ያነሱና «ይህ የድንጋዩ ነው» ይሉ ነበር። በዚያ ገንዘብ የቤቱን ኪራይ ይከፍላሉ፣ የዶለዶመውን የወፍጮ ድንጋይ ያስወቅራሉ፣ የሞተሩን ቺንጋ ይቀይራሉ። ሲሞቱ ወፍጮውን ለሦስቱ ልጆቻቸው ተዉላቸው።

ታላቁ ይበልጣል ከጠዋት ጀምሮ ዱቄት ለብሶ የሚውል፣ ድንጋዩ መዶልዶሙን በድምፁ ብቻ የሚያውቅ ባለሙያ ነው። ግን የአባቱ አፈር ሳይደርቅ «ድንጋይ ልጅ አያሳድግም፤ ገቢውን ለሦስት እንካፈል። ኪራይ ሲደርስ እናዋጣለን» አለ። ማዋጣት! ተካፍሎ የበላውን ገንዘብ መልሶ ያዋጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ትንሹ አንሙት ደንበኛ አምጪ ነው። ምላሱ ማር ስለሆነ ከድልድዩ ማዶ ያለውን ወፍጮ ደንበኞች ሳይቀር ጎትቶ ያመጣል። እሱ ደግሞ ዋጋ ቀነሰ። ለአንድ ኪሎ የሚፈጀው መብራት አንድ ብር ነው፣ በሦስት ብር ብንፈጭ ሁለቱ ብር ትርፍ ነው አለ። ሰልፉ አስፋልት ደረሰ። ኪራዩንና የሚያልቀውን ድንጋይ ግን ማን አስቦት።

ሚዛኑና ገንዘቡ በመካከለኛዋ በየውብዳር እጅ ነው። የአባቷ ልማድ እንዳይቀር አንዴ ተከራክራ ሁለቱ አሸነፏት። ከዚያ በኋላ ዝም ብላ ከአምስት አንዱን እያነሳች፣ ለወንድሞቿ ገበያው ቀዝቅዟል ትላቸው ጀመር። ኪራዩን ከፍላ አከራይዋ ታግሣናለች አለች። ድንጋይ ወቃሪውንም ከፍላ እያስመጣች፣ ለአባታችን ሲል በነፃ ነው የሚሠራልን አለች። ደረሰኞቹን አይቻቸዋለሁ፤ አንድ ሳንቲም ለራሷ አልወሰደችም። ቢሆንም ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሞቿን ዓይን ዓይናቸውን እያየች ዋሸቻቸው።

አንድ ቀን አንሙት የገባውን ጆንያ ቢቆጥር ከገንዘቡ ጋር አልገጥም አለው። ሰልፍ በያዘው ሕዝብ ፊት ሌባ አላት። ይበልጣልም የገንዘብ ሣጥኑን ቁልፍ ተቀበላት።

«ወንድም ጋሼ፣ ባንፈጭም እኮ ቤቱ ኪራይ ይጠይቃል» አለችው። «ሥራ ስናበዛ ደግሞ ድንጋዩ ቶሎ ያልቃል። ከየት ይመጣል ብላችሁ ነው?»

«መንገር ነበረብሽ።»

«ነግሬያችሁ ነበር» ብላ ወጣች።

እሷ በወጣች በአራተኛው ወር ዱቄቱ ሽርክት ሆኖ ይወጣ ጀመር። ቀጥሎ ቺንጋው ተበጥሶ ወፍጮው ቆመ፣ ኪራዩም ደረሰ። የሚያዋጣ ጠፋ። በመጨረሻ ይበልጣል ያሉትን ሁለት በሬዎች ሸጦ አዲስ ድንጋይና ቺንጋ ገዛ። አንሙትም አንድ ዳቦ ቤት ደጅ ጠንቶ የዓመት ሥራ ተዋዋለና በቀብዱ ኪራዩን ከፈለ። ወፍጮው ተነሣ።

አከራይዋ ግን ጭቅጭቁ ስለሰለቻት ውሉ በአንድ ሰው ስም ካልሆነ ቤቱን ለሌላ አከራያለሁ አለች። ያለ ቤቱ ወፍጮ ስለሌለ፣ ስሙ የተጻፈው የወፍጮው ባለቤት ይሆናል፤ ሁለቱ ወይ በደመወዝ ያድራሉ ወይ ይወጣሉ። ይህን ይዘው እኛ ሽማግሌዎቹ ዘንድ መጡ። ይበልጣል፣ ያ ድንጋይ በሬዎቼ ናቸው አለ። አንሙት፣ እህል ካልመጣለት ድንጋዩ ምን ሊፈጭ ነው አለ። የውብዳር ግን «ባልሰርቅላችሁ ኖሮ ዛሬ የምትጣሉበት ወፍጮ አይኖርም ነበር» አለች።

ሦስቱም አናደዱኝ። ሁለቱ የአባታቸውን ልፋት በልተው ሊጨርሱት ነበር፤ እሷም እውነቱን ይዛ ውሸት መረጠች። እኛም ቀኑን ሙሉ ተጨቃጭቀን ሳንስማማ ተነሣን። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ውሉ ላይ የሚጻፈው ስም አንድ ብቻ ነው፤ የማንን ትጽፋላችሁ?