ልጄ ስም ትላለች፣ ስልኩ ኮድ ይላል

የባለቤቴ የይርጋ መርዶ የደረሰኝ ዕለት ድንኳን ሳይተከል ቤቱ ሞላ። ከለቀስተኛው መካከል የመርከብ ጓደኛው መኩሪያ ነበር፤ የመርከቡ ምግብ አብሳይ። ልጄ እንባዋን ጠርጋ፣ «ጋሼ መኩሪያ፣ እስቲ የአባዬን ተረት ንገረን» አለችው። ነገረን። እያለቀስን ሳቅን። እንዳይጠፋ ጻፍኩት።

ልጃችን ስትወለድ ይርጋ ቀይ ባሕር ላይ ነበር፣ እኔ ድሬዳዋ። ክርስትናዋ ነገ ሊሆን፣ ልጅቷ ገና ስም የላትም። እናቱ እትዬ ቦጋለች፣ «አባትየው እስከ ነገ ካልደወለ እንደ እኔ ቦጋለች ትባል» ብለው ቆርጠዋል። ይርጋ ይህን ያውቃል። ደውሎ የልጁን ስም ማውጣት ፈለገ። የመርከቡን ስልክ ቢያነሣ፣ ስልኩ ኮድ ጠየቀው።

ኮዱን ወደያዘው መኮንን ሄደ። «ኮድ ስጠኝ። ልጄ ስም ትላለች፣ ስልኩ ኮድ ይላል።»

«ካፒቴኑ ሳይፈቅዱ? ሞቼ እገኛለሁ» አለው መኮንኑ።

ወደ ካፒቴኑ ወጣ። «ካፒቴን፣ ይፍቀዱልኝ። ልጄ ስም ትላለች፣ ስልኩ ኮድ ይላል፣ መኮንኑ ፈቃድ ይላል።»

«እኔ ደረቅ ብስኩት እየቆረጠምኩ አንተ ፈቃድ ትለኛለህ? መጀመሪያ ትኩስ ነገር ልቅመስ።»

ወደ መኩሪያ ወረደ። «አንተ ሰው፣ ለካፒቴኑ ምግብ ሥራላቸው። ልጄ ስም ትላለች፣ ስልኩ ኮድ ይላል፣ መኮንኑ ፈቃድ ይላል፣ ካፒቴኑ ምግብ ይላሉ።»

«በምኔ ልቀቅል፣ በእንባዬ? ቧንቧው ደርቋል እኮ።»

ከዚያም በታች ወርዶ ፓምፑን በጥፊ መታው። «አንተ ፓምፕ፣ ውሃ ስጥ። ልጄ ስም ትላለች፣ ስልኩ ኮድ ይላል፣ መኮንኑ ፈቃድ ይላል፣ ካፒቴኑ ምግብ ይላሉ፣ አብሳዩ ውሃ ይላል።» ፓምፑ እንደ ሽማግሌ አንዴ ሳል አለና ዝም። መካኒክ መፈለጉ ነው።

መካኒኩ ህንዳዊው ራጃን ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ዓይኑ ቀልቶ ተቀምጧል።

«ራጃን፣ ወንድሜ፣ ተነሥ። ልጄ ስም ትላለች፣ ስልኩ ኮድ ይላል፣ መኮንኑ ፈቃድ ይላል፣ ካፒቴኑ ምግብ ይላሉ፣ አብሳዩ ውሃ ይላል፣ ፓምፑ መካኒክ ይላል።»

ራጃን የሚንቀጠቀጥ እጁን ዘረጋ። «በዚህ እጅ ኤሌክትሪክ ብነካ ነገ ለእኔ ልቅሶ ትቀመጣለህ። መካኒኩ እንቅልፍ ይላል በል። ሌሊት ሠርቼ ቀትር ላይ ጋደም ስል፣ አንዱ በሬን ደብድቦ ይሮጣል። ሰሞኑን ሁሉ እንዲህ ነው።»

«ማነው እሱ? ብቻ አሳየኝ» አለ ይርጋ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ።

«አንተንስ ስምንት ሰዓት ላይ ቀስቅሰኝ ብዬህ አልነበር? እሱ ግን ሁልጊዜ ይቀድምሃል።»

«እኔማ ልክ በስምንት ሰዓት ነው የማንኳኳው» አለና ይርጋ የእጅ ሰዓቱን አየ። የሰበሰበውን እጅጌ መልሶ ዘረጋ። ልጁ ከተወለደች ወዲህ ቤታችን ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ ብሎ ሰዓቱን በሐበሻ አዙሮት ነበር። በፈረንጅ የሚቆጥረው የራጃን ስምንት ሰዓት ፀሐይ ጠልቃ ነው፤ የይርጋ ስምንት ሰዓት ግን ፀሐይ ገና አናት ላይ እያለች።

«ራጃን» አለ በቀስታ፣ «የእንቅልፍህን ሌባ ይዤዋለሁ። ተኛ። ዘበኛህ እኔ ነኝ።» ጫማውን አውልቆ በሩ ላይ ተቀመጠ። በዚያ ያለፈውን ሁሉ፣ ያሳለውንም ጭምር፣ በእጁ እያባረረ ጠበቀ።

ራጃን ጠግቦ ተኛ። መካኒኩ ተነሣ፣ ፓምፑ ተሠራ፣ ውሃው ፈሰሰ፣ አብሳዩ ቀቀለ፣ ካፒቴኑ በሉ። ሲጠግቡ ነገሩን ሰምተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «እንቅልፍ ያጣ ሰው ይህን ሁሉ ሰው ያስቆማል ለካ። ከእንግዲህ የተኛን ሰው የሚነካ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው። ኮዱም ለሁሉም ይሰጥ» አሉ። መኮንኑ ኮዱን ሰጠ።

በማግስቱ እኛ ቤተ ክርስቲያን ነን። ቄሱ ስሟን ጠየቁ፣ እትዬ ቦጋለች ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ስልኬ ጮኸ።

«ጊዜወርቅ በሏት» አለ ይርጋ።

«ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ከእጅ ሰዓቴ።»

እትዬ ቦጋለች አኮረፉ፤ ግን እስከ ምሳ ድረስ ብቻ ነው።

ያ ሰዓት ዛሬ በጊዜወርቅ እጅ ላይ ነው፤ አሁንም የሚሄደው በሐበሻ ነው። ይርጋን እንግዲህ በር ደብድቦ የሚቀሰቅሰው የለም። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ባሕር ላይ ላሉት ሰላማዊ እንቅልፍ ለምኑላቸው፤ በክርስትና ስሙ ኃይለ ገብርኤል ለሚባለው ለይርጋዬ ደግሞ ነፍስ ይማር በሉልኝ።