ንጉሡ የበላው ተዝካር

አንድ መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ ነበር። ቢሻው ይባላል፤ አገሬው አያ ቢሻው ይለዋል። ሰው ሲያየው የሚሸሸው ሰው መሆን ምን ያህል እንደሚከብድ እሱን መጠየቅ ነው። ገበያ ሲወጣ ሴቶች ፊታቸውን ያዞራሉ። ሠርግ ቢጠሩት እንኳ ጥግ ይሰጡታል። ማለዳ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ዱላውን ተመርኩዞ ወደ አንድ መንደር ሲወርድ የታየ እንደሆነ፣ ልጁን ለዘመቻ የሰጠ ሁሉ ከየደጁ ቆሞ «አምላኬ፣ የኔን ደጅ ይለፈው» እያለ ይለምናል። ሽማግሌው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሥራው ነው።

ሥራው ግን ድሮ የሱ አልነበረም። የዚያ አገር ደንብ «ላኪ ያረዳል» የሚል ነው። ነጋዴ አሽከሩን በረሃ ልኮ ቢሞትበት፣ ነጋዴው ራሱ ከሟቹ እናት ደጅ ሄዶ ዓይኗን እያየ ይነግራታል። ወንድሙን ሩቅ አገር የላከ ለወንድሙ ሚስት ራሱ ያረዳል። በዚህ የተነሣ ሰው ሰውን መንገድ ከመላኩ በፊት ደጋግሞ ያስብ ነበር። ከደንቡ ያመለጠው ንጉሥ ብቻ ነው። የንጉሡ አያት በዘመኑ «የላክሁት ብዙ ነው፣ ከየትኛው ደጅ እደርሳለሁ?» አለና፣ ለአንድ ሽማግሌ መሬት ሰጥቶ መርዶውን በሱ ትከሻ ላይ ጣለው። ከዚያ ወዲህ ንጉሥ ይልካል፣ ሽማግሌ ያረዳል። አያ ቢሻውም ይህን ሸክም ከአባቱ ነው የወረሰው።

ያሁኑ ንጉሥ ከወንዝ ማዶ ካለው ሕዝብ ጋር የሚዋጋው ስለ አንድ የግጦሽ መስክ ነው። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ረግረግ የሆነ መስክ። ስንቱ ጎበዝ ወደቀበት፤ መስኩ ግን ዛሬም እዚያው ተኝቷል። ግቢ ውስጥ «ጥቂት ሰው ጎድሎብናል» ይባላል። ያ ጥቂት የተባለው በየቤቱ ምን እንደሆነ የሚያውቀው አያ ቢሻው ነው። እናቶች መሬት ላይ ሲፈጠፈጡ እየደገፈ ያነሣቸው እሱ ነውና።

በኋላ ማዶዎቹ ለዕርቅ ሽማግሌ ሰደዱ። «መስኩን በየተራ እናሰማራበት፣ ደም ይብቃን» አሉ። ንጉሡ ግን «አንዴ ልዝመትና ከዚያ እታረቃለሁ» ብሎ ነጋሪት እንዲጎሰም አዘዘ። አያ ቢሻው ይህን ሲሰማ ወደ ግቢ ወጣና ዱላውን ከንጉሡ እግር ሥር አኖረ።

«ጃንሆይ፣ በቃኝ። ከእንግዲህ አላረዳም» አለ።

«ምን ጎደለብህ?»

«ለኔ የጎደለብኝ የለም። አንድ ነገር ግን ልለምንዎ። የአንጓች ልጅ፣ ጌጡ የሚባለው፣ ባለፈው ዘመቻ ቀርቷል፤ እናቱ ገና አልሰማችም። ነጋሪቱ ከመጎሰሙ በፊት እሷን ራስዎ ያርዷት። አንድ ደጅ ብቻ። ከዚያ ደጅ ተመልሰው እንዝመት ካሉ፣ እኔም ዱላዬን አነሣለሁ።»

መኳንንቱ አጉረመረሙ። ንጉሡ ግን ሳቀ። ስንት ጦር ፊት የቆመ ሰው አንዲት ባልቴት ፊት መቆም ያቅተዋል? «ይሄ ምን ቁም ነገር አለው!» አለና ማለዳ በቅሎው እንዲጫን አዘዘ።

እንግዲህ አንጓች ማለት ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን አርሳና ጎልጉላ ያሳደገች ሴት ናት። ትልቁ ጌጡ፣ ትንሹ ሙላት። ለጌጡ መምጫ ብላ ከደጇ ሙክት አስራ ታበላለች። ያን ማለዳ ከብቶቿን ልትፈታ ስትወጣ፣ ጃንጥላ የተዘረጋለት ንጉሥ በበቅሎ ወደ ቤቷ ሲመጣ አየች። አያ ቢሻው ከኋላ ይከተላል፤ ዱላውን አልያዘም፣ ነጠላውንም አላዘቀዘቀም። አንጓች ምን ታስብ? በዚያ አገር ንጉሥ መርዶ ይዞ መጥቶ አያውቅም። መርዶ የሚመጣው በአያ ቢሻው ዱላ ነው። ንጉሥ ከድሃ ደጅ ከመጣ ለሹመት፣ ለክብር ነው። ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ነጠላዋን ጥላ እልል አለች። ጎረቤቱ ሰማ፤ መንደሩ በሙሉ እልል እያለ ግልብጥ ብሎ መጣ።

አያ ቢሻው ይህ ይመጣል ብሎ አላሰበም ነበር። የአጥሩን እንጨት ይዞ ቆመ።

ንጉሡ ከበቅሎው ወርዶ «አንጓች፣ የመጣሁት...» ብሎ ጀመረ።

«አይንገሩኝ፣ ጃንሆይ፤ ነገር ከእህል በኋላ ነው። የጌጡን ነገር አውቄዋለሁ፣ ፊትዎ ነግሮኛል። መጀመሪያ ቤቴን ይባርኩልኝ» አለችና እጁን ስማ አስገባችው።

ሙክቱ ታረደ። ጎረቤት ጠላውን፣ ጎረቤት ወጡን አመጣ። ንጉሡ ለመናገር አፉን በከፈተ ቁጥር እሷ ጉርሻ ታጎርሰዋለች፤ እሱም ይውጣል። መጀመሪያ ጨንቆት ዋጠ። በኋላ ቀለለው። እየቆየ ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሲመሰገን ደስ አለው። አያ ቢሻው ደጅ ቆሞ አንድ ጉርሻ አልቀመሰም። አንጓች «ኧረ አንቱም ይግቡ፣ ዛሬስ ማንም አይፈራዎትም» ስትለው እንባው መጣበት፤ ፊቱን አዞረ።

ሊሄዱ ሲነሡ አንጓች «እንግዲህ ልጄን ምን ይሉታል?» ብላ ጠየቀች።

ንጉሡ ዙሪያውን አየ። የቆመው ሰው በሙሉ ይስቃል። «ልጅሽ አኩርቶናል» አለ።

እሷም ሙላትን እጁን ይዛ አመጣችው። «ወንድሙ ከርስዎ ዘንድ ክብር ካገኘ፣ ይሄስ ከኔ ጋር ዛፍ ሲቆርጥ ለምን ይቀራል? እሱንም ይውሰዱልኝ» አለች።

«ይሁን» አለ ንጉሡ።

መንደሩን እንዳለፉ አያ ቢሻው የበቅሎውን ልጓም ያዘ። ንጉሡ ቁልቁል አየውና «ደስታዋን ላጠፋባት አልሆነልኝም። ራራሁላት። አንተ በኋላ ንገራት» አለው።

«ጃንሆይ፣ ለሷ ራርተው ቢሆን ኖሮ ታናሹን ባልወሰዱ። የራሩት ለራስዎ ነው።»

ንጉሡ የሽማግሌውን እጅ በአለንጋ መታና አለፈ። ሙላት ከፊት ካሉት ወታደሮች ጋር እየሳቀ ይሄዳል፤ ከኋላው የተባለውን አልሰማም።

አያ ቢሻው ወደ አንጓች ቤት ተመለሰ። የድግሱን ድስት ታጥባለች። ነጠላውን ሲያዘቀዝቅ አየችው፤ እጇ ድስቱ ውስጥ ቀረ።

«አንጓች፣ ጌጡ የለም። ባለፈው ዘመቻ ነው የቀረው።»

እጇን ከድስቱ አወጣች። «ንጉሡ ያውቅ ነበር? የሙክቴን ሥጋ ሲበላ ያውቅ ነበር?»

«ሊያረዳሽ ነበር የመጣው።»

አልጮኸችም። መቀነቷን አጥብቃ ወደ ጦሩ ሰፈር ገሰገሰች፤ አያ ቢሻውም ተከተላት። ሲደርሱ ሠራዊቱ ተሰልፏል፤ ንጉሡ ከነጋሪቱ አጠገብ ቆሟል። አንጓች እፊቱ ቆመች። እርስዎ ማለቱን ትታዋለች።

«እኔ የደስታ ድግስ መስሎኝ አበላሁህ። አንተ ግን የልጄ ተዝካር መሆኑን እያወቅህ በላህ። ተዝካር የበላ ሰው ነፍስ ይማር ሳይል አይነሣም፤ አንተ ሳትል ነው የተነሣኸው። አሁን በል። የማንን ነፍስ እንደሆነም እነዚህ ልጆች ይስሙ።»

ከፊት የተሰለፉት ሰሙ። ሙላትም ሰማ፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ንጉሡ «ነፍስ ይማር» ቢል፣ ያቺ አንዲት ቃል ከአፉ ብትወጣ፣ ያ ዘመቻ እዚያው ይቀር ነበር። ሁሉም አፍ አፉን ያያል። ንጉሡ ግን ወደ ነጋሪት መቺው ዞሮ «ጎስም!» አለ። ነጋሪቱ ድምጿን ዋጠው። ሙላት ከሰልፍ ሊወጣ ሲል ጠባቂዎች በጦራቸው መለሱት። አንጓች ልብሱን ይዛ ትንሽ ተጎተተች፤ ከዚያ እጇ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ብቻ ቀረ። ጦሩ ወንዙን ተሻገረ።

ንጉሡ አሸነፈ። መስኩን ያዘ። የተመለሰው ሰው ግን ከሄደው ጋር አይወዳደርም፤ ሙላትም የለበትም። በዚህ ጊዜ የሚያረዳ አልተገኘም፤ አያ ቢሻው ዱላውን ከንጉሡ እግር ሥር እንደተወው ነው። ንጉሡም ሐዘን እንዳይሰማ ብሎ የድል ግብር አበላለሁ ሲል አገሬውን ጠራ።

አገሬው መጣ። አዳራሹ ሞላ፤ እናቶች፣ አባቶች፣ ባላቸውን የሸኙ ሙሽሮች። ዘፈን ቢጀመር የሚቀበል የለም። አንጓች ከፊት ተቀመጠችና ቀና ብላ ንጉሡን «ታናሹስ?» አለችው።

ንጉሡ ዓይኑን ወደ ጠጁ መለሰ።

«ገባኝ» አለች። «የትልቁን ተዝካር አንተ ከኔ ቤት በላህ፤ የትንሹን እኔ ካንተ ቤት እበላለሁ።» አንድ ጉርሻ ጠቅልላ ዋጠች። እጇን ጠርጋ ተነሣችና «ነፍስ ይማር» ብላ ወጣች።

ቀጥሎ አንድ አዛውንት ጎርሶ ተነሣ። «ነፍስ ይማር።» ቀጥሎ አንዲት ሙሽራ። እንዲህ እያለ አዳራሹ በሙሉ፣ እያንዳንዱ አንድ ጉርሻ ጎርሶ፣ እያንዳንዱ ያንኑ ቃል ብሎ ወጣ። «እግዜር ይስጥልን» ያለ አልነበረም። የመጨረሻው አያ ቢሻው ነው። እሱ አልጎረሰም፤ የተቀመጠውን ገበታ አይቶ፣ ንጉሡን አይቶ፣ «ጃንሆይ፣ መርዶው ደረሰዎት» አለውና ሄደ። ንጉሡ በግብሩ መካከል ብቻውን ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲያ የግቢው ሰው ለንጉሡ ምግብ ባቀረበ ቁጥር ፊቱን ከሱ ያዞር ነበር ይላሉ።

ከዚህ የምንማረው ይህን ነው። ሞትን የሚያዝ ሰው መርዶውን ራሱ እንዲናገር ካልተገደደ፣ ማዘዙን አያቆምም። የሌላ ሰው ትከሻ ሐዘኑን እስከተሸከመለት ድረስ፣ ለሱ ጦርነት ማለት «ጥቂት ሰው ጎድሎብናል» ነው። እኛም ብንሆን ጃንጥላ ስናይ ሳንጠይቅ እልል ማለታችንን እንመርምር፤ አንጓች ሁለተኛ ልጇን በገዛ እጇ የሰጠችው በእልልታ መካከል ነውና።

እንግዲህ በአገራችሁ ነጋሪት የተጎሰመ ቀን፣ ልጃችሁን ከመሸኘታችሁ በፊት ላኪውን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ባይመለስ፣ ከደጄ ቆሞ ዓይኔን እያየ የሚነግረኝ ማን ነው?