ትርንጎና የወፍ ድርሻ

ተረት ተረት! «የጓሮ በረከት!» በሉኝ እንጂ ልጆች፣ ምነው አፋችሁን ያዛችሁ? ጮክ በሉ! እንዲያ ነው።

ድሮ ድሮ፣ ዱባ ሲያድግ ድምፁ በሚሰማበት ዘመን፣ ከሰባት ኮረብታ ማዶ ትርንጎ የምትባል ልጅ ከእናቷ ከይመኙሻል ጋር ትኖር ነበር። ሁለት ናቸው፤ ሦስተኛ የላቸውም። ጓሯቸውን ግን ብታዩት! ጎመኑ የዝሆን ጆሮ ያክላል፤ ቃሪያው ገና ሲያዩት ያስነጥሳል፤ ዱባው አጥር ላይ ወጥቶ መንገደኛ ያያል። ዙሪያውን የአጋም አጥር፣ እሾሁ መርፌ። ከመሃል ትልቅ ዋንዛ፣ ዋንዛው ላይ የንብ ቀፎ።

ይመኙሻል አንድ ልማድ ነበራት። ማሽላ ስታጭድ የመጨረሻውን ረድፍ አትነካውም። «ይሄ የወፍ ድርሻ ነው» ትላለች። የተሰበረ እንስራ ግማሹን መሬት ቀብራ ውሃ ትሞላበታለች። «ይሄ ደግሞ የጉርጥ ድርሻ ነው።» ቀፎውን በጤና አዳም ታሸዋለች፣ በወይራ ጭስ ታጥነዋለች፤ ንብ እንዲወደው። ከዚያ ወገቧን ይዛ እንዲህ ትላለች፦

«ኑ ብሉ፣ ኑ ጠጡ፣ ድርሻ አላችሁ፣
ከኔ ደጅ አይጠፋም እህል ውሃችሁ!»

አቤት ጫጫታው ያኔ! ወፉ፣ ንቡ፣ ጉርጡ፣ ሁሉም ባንድ አፍ!

አጋሙ ውስጥ አንዲት ቢጫ ወፍ ነበረች። ይመኙሻል ከወንዝ ስትመለስ ወፏ ገና ከሩቅ ታያትና «መጣች! መጣች! መጣች!» ትላለች። ትርንጎ ያን ስትሰማ የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች።

አንድ ቀን ታዲያ ይመኙሻል ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ወረደች፤ ወረደችና ቀረች።

ትርንጎ አጥሩ ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ወፊቱ፣ መጣች?» ወፏ ዝም። ጎመኑን አጠጥታ ተመልሳ ተቀመጠች። «ወፊቱ፣ መጣች?» ዝም። የእናቷ ነጠላ መደቡ ላይ ተጣጥፎ ነበር። ታነሳውና ታሸተዋለች፤ ከዚያ ሽታው እንዳያልቅባት ቶሎ ትመልሰዋለች። እንዲህ ስትል ሳምንት ሆነ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት «መጣች! መጣች! መጣች!»

ትርንጎ በረረች! በሩን ከፈተች! ማን አለ? አንድ ሽማግሌ። ጆሮውን በትልቅ ጥምጥም ሸፍኗል፤ ጀርባው ላይ ከባድ ስልቻ ተሸክሟል። እናቷ የለችም።

«ውሸታም!» አለች ወፏን፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ወፍ መቼ እውነት ታወራለች፣ ልጄ» አለ ሽማግሌው፣ ከአጥሩ ውጪ እንደቆመ። «እናትሽን አይቻታለሁ።»

«የት አባባ? የት አዩዋት?»

«መንገድ ላይ ናት። መምጣት ትፈልጋለች፤ ግን ይሄ እሾህ በሩን ደፈነባት። አጋሙን ቁረጪው፣ ያኔ ትመጣለች።»

ትርንጎ ማጭድ አነሳች። ይሄን ጊዜ ከተሰበረው እንስራ ሥር አንድ ሽማግሌ ጉርጥ ዓይኑን አፍጥጦ፦

«ትርንጎዬ ትርንጎ፣ የይመኙሻል ልጅ፣
የጓሮሽን እንግዳ አታባሪው ከደጅ፣
እሱ ነው አጥርሽ፣ እሱ ነው ወዳጅ!»

«ዝም በል አንተ ጉርጥ! እናትህ ናት እንዴ የጠፋችው?» አለችና አጋሙን ቆረጠች፤ እሾሁን ከበሩ ዳር ከመረችው። ቢጫዋ ወፍ ዞር ብላ አየቻት፤ በረረች፤ ሄደች። እናትየው አልመጣችም።

በማግስቱ ሽማግሌው ተመለሰ። አሁን በአንድ እግሩ ገብቷል።

«አባባ፣ ቆረጥኩት እኮ! የታለች?»

«መንገድ ላይ ናት። ትጣራለች፤ ግን የወፍ ጫጫታ ድምጿን ዋጠው። ያን የወፍ ድርሻ የምትዪውን ማሽላ እጨጂው፣ ያኔ ትመጣለች።»

ጉርጡ አሁንም፦

«ትርንጎዬ ትርንጎ፣ የይመኙሻል ልጅ፣
የጓሮሽን እንግዳ አታባሪው ከደጅ፣
እሱ ነው አጥርሽ፣ እሱ ነው ወዳጅ!»

«ዝም በል አንተ ጉርጥ!» አለችና አጨደችው። ወፎቹ ዞሩ፣ ዞሩ፣ የሚያርፉበት አጡ፤ ሄዱ። እናትየው አልመጣችም።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው መጣ። አሁን በሁለት እግሩ ገብቷል፤ ከዋንዛው ግን ራቅ ብሎ ቆሟል።

«አባባ፣ አጨድኩት! የታለች?» ድምጿ አልቋል።

«በሩ ላይ ናት፣ የኔ ልጅ! እዚሁ ናት! ንቦቹን ፈርታ ነው። ቀፎውን አውርጂው፣ ያኔ ትመጣለች።»

ጉርጡ ሊናገር አፉን ከፈተ። ትርንጎ ቀድማ እንስራው ውስጥ የቀረውን ውሃ ደፋችበት። «ዝም በል!» ዝም አለ። ቀፎውን አወረደችው። ንቦቹ እንደ ደመና ተነስተው ሄዱ።

ጓሮው ጭጭ አለ። ስሙት እስቲ... ምንም የለም። ዝንብ እንኳ የለም።

«እሰይ!» አለ ሽማግሌው። «አሁን እግሬን የሚወጋው ሄደ፣ ጆሮዬን የሚያደነቁረው ሄደ፣ ዓይኔን የሚነድፈው ሄደ!» ጥምጥሙን ሲፈታው፣ ወይ ጉድ! ጆሮው ሰፌድ! አፉን ሲከፍተው ጥርሱ ማረሻ! ጭራቅ ነው፣ ልጆች! ራሱ ጭራቅ!

«እናቴስ?» አለች ትርንጎ፤ መጀመሪያ ያለችው ይሄንኑ ነው።

«ዋሸሁሽ እንዴ? እዚሁ ናት አላልኩሽም?» ስልቻውን መታ መታ አደረገው። ስልቻው ተንቀሳቀሰ። «አሥር ቀን ሙሉ ሳልበላት የተሸከምኳት ለምን ይመስልሻል? እናትና ልጅ የሚጣፍጡት ባንድ ድስት ነው! ባንድ ድስት! ነይ እሳት አንድጂ!»

ትርንጎ አሁን ገባት። ያቺ ወፍ አልዋሸችም ነበር! መጣች ስትል እውነቷን ነው፤ እናቷ ስልቻው ውስጥ ነበረች። ትርንጎ አለቀሰች? አላለቀሰችም! ለልቅሶ ጊዜ የለም። እናቷ ጓሮውን በምን እንደምትጠራው አሰበች።

«እሺ አያ ጭራቅ» አለች። «ግን እጅዎን ሳይታጠቡ ነው የሚበሉት? ባለጌ ይሉዎታል።»

«እኔ? ባለጌ? ቶሎ በይ፣ ምራቄ ደረቀ!»

ውሃ አምጥታ የተሰበረውን እንስራ ሞላችው። ጎንበስ አለችና በሹክሹክታ፦

«ኑ ብሉ፣ ኑ ጠጡ፣ ድርሻ አላችሁ...» አለች። «አባ ጉርጥ፣ ይቅር በለኝ።» ጉርጡ አንድ ጊዜ ጠጣ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ዱብ! ዱብ! እያለ ወጥቶ ሄደ።

«ደግሞ አያ ጭራቅ፣ ሥጋ ያለ ንፍሮ ምኑ ይጥማል? ማሽላዬን ላበጥርልዎት።»

«ቶሎ በይ፣ ምራቄ ደረቀ!»

ያጨደችውን ማሽላ አምጥታ እፍኝ እፍኙን መሬት ላይ በተነችው፤ «ኑ ብሉ፣ ኑ ጠጡ፣ ድርሻ አላችሁ...»

«ምን ታጉረመርሚያለሽ?»

«ቅመም እየቆጠርኩ ነው፣ አያ ጭራቅ! ደግሞ በወይራ ያልታጠነ ሥጋ ያቅለሸልሻል። ጥቂት ላጭስልዎት።»

«ቶሎ በይ! አሁንስ ምራቄ ድንጋይ ሆነ!»

ቀፎውን በጤና አዳም ሙልጭ አድርጋ አሸችው፤ ወይራውን አጨሰችበት፤ ዋንዛው ላይ ወጥታ ሰቀለችው። እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ቆማ፣ አሁን አላንሾካሾከችም፣ በአሥር ቀን ናፍቆቷ ሁሉ ጮኸች፦

«ኑ ብሉ፣ ኑ ጠጡ፣ ድርሻ አላችሁ፣
ከኔ ደጅ አይጠፋም እህል ውሃችሁ!»

መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ከሩቅ «ቁርር!» አለ። የጉርጡ ድምፅ ነው፤ አገር ምድሩን ሲጠራ ቆይቶ! ከዚያማ ሰማዩ ጠቆረ። ወፉ በሺህ መጣ፣ ማሽላው ላይ ወረደ፣ ተንጫጫ! ጭራቁ «ጆሮዬን! ጆሮዬን!» አለ። ንቡ መጣ፤ «ዓይኔን! ዓይኔን!» አለ። አያይም፤ አይሰማም፤ ስልቻውን እንደተሸከመ ወደ በሩ ሮጠ። በሩ ዳር ምን አለ? የአጋሙ እሾህ! ራሱ ያስቆረጠው! «እግሬን! እግሬን!» ተደናቅፎ በጎኑ እላዩ ላይ ተዘረጋ። እሾሁ ስልቻውን ተርተር አድርጎ ቀደደው። ጭራቁ ስልቻውን ጥሎ፣ ዓይኑ አብጦ፣ እግሩ እያነከሰ፣ ንቡ እያሳደደው ሲሮጥ፣ ሲሮጥ፣ ገደል ገባ። ከወደቀበት እንቧይ በቀለ ይላሉ፤ ፍየል እንኳ ያልቀመሰችው።

ከስልቻው ውስጥ አፏ በጨርቅ የታሰረ፣ ጠጉሯ የተንጨባረረ አንዲት ሴት እየተሳበች ወጣች። ትርንጎ ጨርቁን ፈታችላት። አንገቷ ውስጥ ገብታ አሸተተቻት፣ አሸተተቻት፤ ሽታው አያልቅም፤ ቶሎ መመለስ የለም።

«ወፏ ስትጠራኝ ሰምቻለሁ» አለች ይመኙሻል። «አለሁ እንዳልላት አፌ ታስሯል።»

«እኔ ግን ውሸታም አልኳት፣ እማዬ። ቤቷንም ቆረጥኩባት።» አሁን ነው ትርንጎ ያለቀሰችው።

ይመኙሻል የተቆረጠውን አጋም አየች። ልጇን አልተቆጣችም። ዶማ አነሳችና «ነይ፣ ጉድጓድ እንቆፍር» አለቻት።

አጋም ደግሞ ልባም ነው፤ አይቸኩልም። ወፉ ሁሉ ተመልሷል፣ ንቡ ገብቷል፣ ጉርጡ እንስራው ውስጥ እንደ ንጉሥ ተቀምጧል፤ ቢጫዋ ወፍ ግን የለችም። አንድ ክረምት አለፈ፤ አጋሙ ቁርጭምጭሚት ደረሰ። ሁለተኛው አለፈ፤ ጉልበት ደረሰ። እናትና ልጅ ማታ ማታ ሥራ ሲፈቱ እዚያችው ድንጋይ ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ።

«ትመጣለች፣ እማዬ?»

«ድርሻዋን እናስቀምጥላት።»

በሦስተኛው ክረምት ማግስት አጋሙ አበበ። ይመኙሻል እንስራ አዝላ ከወንዝ ስትመለስ፣ ትርንጎ ጎመን እየኮተኮተች ነበር። ከአጥሩ ውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ።

«መጣች! መጣች! መጣች!»

ትርንጎ መኮትኮቻውን ጣለች። ሮጠች። ግን ወዴት እንደምትሮጥ አላወቀችም፤ ወደ እናቷ ወይስ ወደ ወፏ? መሃል ላይ ቆማ ሳቀች። ሁለቱም መጥተዋላ!

በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በአጋም ፍሬ አርሱ። ከጫፉ ግን ጥቂት ተዉ፤ እሱ የወፍ ድርሻ ነው።