በዓይን የተከበበችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ዕድሜዋን እህል ስትጭን ኖራ ማንከስ ስትጀምር መንገድ ዳር የተጣለች ዳልቺቱ የምትባል አህያ ነበረች። ወይዘሮ አልጣሽ የተባሉ ሴት አንስተው ሐይቅ ዳር ወዳለው መጠለያቸው ወሰዷት። እዚያ እንደ እሷ የተጣሉ ሌሎች አህዮችም ይኖሩ ነበር።

እግሯ ሲድን ዳልቺቱ ማለዳ ማለዳ ሐይቁ ውስጥ ገብታ ዓይኗን ጨፍና መቆም ለመደች። ጉሙ እስከ ሆዷ ይሸፍናታል፤ ነጫጭ ወፎች ጀርባዋ ላይ ያርፋሉ፤ ከሩቅ ሲያዩዋት ደመና ላይ የቆመች ትመስላለች። አንድ መንገደኛ ይህን በስልኩ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ቪዲዮው አገር ላገር ዞረ። ብዙም ሳይቆይ ሰዎች ከማለዳ እስከ ምሽት ከሐይቁ ማዶ እየተሰበሰቡ፣ ስሟን እየጠሩ ይቀርጿት ጀመር።

የመጠለያው አህዮች አንድ ልማድ ነበራቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፊታቸውን ወደ ውስጥ፣ የኋላ እግራቸውን ወደ ውጭ አድርገው ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ጅብ በየትም በኩል ቢመጣ የሚያገኘው ርግጫ ነው። ዳልቺቱ ግን ፊት የሚደብቅ አቋም አልጥም ብሏት ክቡን ተወችው።

ሽማግሌው አህያ ቦታዋ ክፍት እንደሆነ፣ ጅብም በዚያ በኩል ሊገባ እንደሚችል ነገራት።

«እኔን የሚያየኝ ሕዝብ ከእናንተ ይበዛል» አለችው። «ይህ ሁሉ ዓይን እያየኝ ማን ይደፍረኛል?»

ይህን ቀበሮ ሰማች። ወደ ዳልቺቱ ቀርባ፣ ለእሜቴ ዳልቺቱ ውበት ከማለዳው ይልቅ የምሽቱ ብርሃን እንደሚስማማ፣ በተለይ ሐይቁ ዳር ካለው ቄጠማ አጠገብ ቢቆሙ ጆሯቸው ወርቅ እንደሚመስል አጫወተቻት። ከዚያ ወደ ጅብ ሄዳ ቄጠማው ውስጥ እንዲያደፍጥ መከረችው። ለድካሟ የአህያዋን ጉበት ጠየቀች።

ጅብ ምራቁን እየዋጠ «እነዚያ ማዶ ያሉት ድንጋይ ይዘዋል?» አላት።

«ስልክ ነው የያዙት፣ አያ ጅቦ።»

«ስልኩን ቢወረውሩብኝስ?»

«እሱን ከሚወረውሩ ነፍሳቸውን ቢሰጡ ይቀላቸዋል።»

ምሽቱ መጣ። ውሃው ወርቅ መሰለ፤ ቀጥሎ ሐምራዊ ሆነ። ማዶ የስልኮቹ መብራት እንደ ወረዱ ከዋክብት ተደረደረ። ዳልቺቱ ቄጠማው አጠገብ ቆማ በሕልም ውስጥ እንዳለች ዓይኗን ጨፈነች። ቄጠማው ተንሿሿ። ዓይኗን ስትገልጥ የጅብ ጥርስ ጆሮዋን ይዟል።

ወደ ማዶ አየች። መብራቱ በዛ እንጂ ከቦታው የተንቀሳቀሰ አልነበረም። ከመካከላቸው አንዱ «ዝም በሉ፣ ቪዲዮው ውስጥ ድምፅ ይገባል» ሲል ተሰማ።

ዳልቺቱ አናፋች። አህዮቹ የመጠለያውን በር ገፍተው እየጋለቡ መጡና በዙሪያዋ ጀርባቸውን ወደ ጅቡ አዙረው ቆሙ። ኮቴ በጅቡ መንጋጋ ላይ ወረደ። እሱ ግን የያዘውን መልቀቅ አያውቅምና፣ እየተረገጠም ቢሆን የጆሮዋን ጫፍ ቦጭቆ ሮጠ። ቀበሮ ጉበቱን ሳትጠብቅ ቀድማ ጠፍታ ነበር።

በማግስቱ ምሽት ተመልካቾቹ ተመልሰው መጡ። ብዙ ቢጣሩም ዳልቺቱ ዞር አላለችም። ከክቡ ውስጥ ቆማ ነበርና፣ ከማዶ ሆነው መቅረጽ የቻሉት ጭራዋን ብቻ ነው።

ከዚህ የምንማረው የሚያየን ሁሉ እንደማይጠብቀን፣ በክፉ ቀን የሚደርስልንም አጠገባችን የቆመው መሆኑን ነው።