አባ ነበልባል ማን ይባል?

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ወቅት፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ አቶ ዘርጋው የሚባሉ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ነበሩ። ሦስት ልጆች ነበሯቸው። በረንዳቸው ላይ ደግሞ ከአሮጌ የፉርጎ በር የተሠራ ትልቅ ጠረጴዛ ነበራቸው። መንገደኛ ጠረጴዛውን እያየ ይስቅ ነበር። እሳቸውም አብረውት ይስቁ ነበር፤ የእሳቸው ሳቅ ግን የኩራት ነበር።

እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጦርነት ይካሄዳል። አውራ ጣት የሚያህሉ ወታደሮችና አስማተኞች ይሰለፋሉ። ከእነሱ ኋላ ደግሞ ሆዳቸው ውስጥ እሳት የሚነድባቸው፣ ከጀርባቸው ጭስ የሚተፉ የብረት ግዙፎች ይቆማሉ። ጨዋታው «የእንፋሎት ዘመቻ» ይባላል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሩቂያ «ጋሽ ዘርጋው በስተርጅና አሻንጉሊት ጀመሩ» ትላለች። ትበል። ሕጉን ብታውቀው ቁጭ ብላ ታይ ነበር።

ሕጉ ይኸው ነው። እያንዳንዱ ወገን አንድ አዝማች አለው፤ አዝማቹ ከወደቀ ጦርነቱ አለቀ። አዝማቹ በየተራው ጥቂት የከሰል ፍሬ ይደርሰዋል። ለግዙፎቹ ካከፋፈለው ግዙፎቹ ይሮጣሉ፣ ይመታሉ። ለራሱ ካስቀረው ጋሻ ይሆነዋል። ርቀቱ በሜትር ይለካል፣ የቀረው በዳይስ ይለያል።

የድሬ ልጆች ደግሞ የራሳቸውን ልማድ ጨምረውበታል። የጥንት ጦረኞች በፈረሳቸው ስም «አባ እንትና» ይባሉ እንደነበር ታውቃላችሁ። እዚህም የባላንጣን አዝማች የጣለ ግዙፍ እዚያው ስም ይወጣለታል፣ ባለቤቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ስም «አባ» ተብሎ ይጠራል። ሴት ብትሆንም «አባ» ነው፤ በዚህ ተከራክረው ጨርሰዋል። ስም አውጪው አቶ ዘርጋው ናቸው። ወታደሮቹ ተለቅመው ጠረጴዛው ሳይነሳ ተነስተው ባለቤቱን ፊት ለፊት እያዩ ስሙን ይጠራሉ፣ ባለቤቱም «አቤት» ይላል። ለአንድ ግዙፍ አንድ አባ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ከተነሳ በኋላ ስም የለም።

አቶ ዘርጋው ለብዙ ልጆች ስም አውጥተዋል። አንዱን ስም ግን እስከዚያን ቀን ለማንም ሰጥተው አያውቁም ነበር። አባታቸው፣ ባቡር በከሰል በሚሄድበት ዘመን፣ አካፋ ይዘው እሳቱን የሚመግቡ ሰው ነበሩ። ፈረስ ኖሯቸው አያውቅም። የሥራ ባልደረቦቻቸው ግን እሳቱን በሚያነዱለት ባቡር ስም «አባ ነበልባል» ይሏቸው ነበር፤ በየጣቢያው ሰው የሚያውቃቸው በዚያ ስም ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ስሙን የሚጠራ ሰው እያነሰ መጣ። አሁን የቀሩት አቶ ዘርጋው ብቻ ናቸው። አባታቸው ሁለተኛ እንዳይሞቱባቸው ይፈሩ ነበር። ለልጆቻቸውም «ይሄ ስም ከእናንተ አንዳችሁን ነው የሚጠብቀው» ይሏቸው ነበር። አንዳችሁን ማለታቸው ነው ጣጣውን ያመጣው።

ምክንያቱም ልጆቹ ስለ ጨዋታው ተስማምተው አያውቁም። የበኩር ልጃቸው ኪሩቤል ብረት የሚያቀልጥ፣ የሚበይድ ሰው ነው። «ዳይስ መወርወር ማንም ይወረውራል፤ ጨዋታው ያለው ከባዶ ነገር ጦር መሥራት ላይ ነው» ይላል። ሶስና ከአንድ ወር በላይ በአንድ ወታደር ፊት ላይ ቀጭን ብሩሽ ይዛ ማጎንበስ የምትችል ናት። «ጠረጴዛውን አይቶ ያልተደነቀ ሰው ምን ሊጫወት ነው?» ትላለች። የመጨረሻው ያፌት ደግሞ ሁለቱንም ይሰማቸውና «እሺ አቦ፣ ሠርታችሁ ቀብታችሁ ጨርሱ፤ ከዚያ ጨዋታው ይጀመራል» ይላቸዋል። በዚህ የተነሳ ስንት እራት ቀዝቅዟል።

አንድ ጊዜ የአዲስ አበባ ተጫዋቾች «መጥተን እንግጠማችሁ» ብለው ላኩ። ተሸንፈው የማያውቁ ናቸው ይባላል። ያፌት በደስታ ሰክሮ የቡድኑን ግዙፎች በሙሉ ባጃጅ ላይ ጭኖ ለጓደኞቹ ሊያሳይ ወጣ። አሳይቶ ሲጨርስም ባጃጁን ጥላ የሌለበት ቦታ አቁሞ ምሳውን ሊበላ ገባ። ግዙፎቹ ብረት ቢመስሉም ፕላስቲክ ናቸው፤ የድሬ ፀሐይ ደግሞ የማንንም ግዙፍነት አትቆጥርም። ሲመለስ አንዱ ወገቡ ታጥፎ፣ አንዱ አንገቱን ደፍቶ፣ ሌላው ከነመዶሻው ወንበሩ ላይ ተኝቶ አገኛቸው። ያፌት አለቀሰ።

ያን ጊዜ ኪሩቤል ተነሳ። ለዓመታት በትርፍ ሰዓቱ ከነሐስ ያወጣቸው፣ ማንም እንዲነካቸው የማይፈቅድ ወታደሮች ነበሩት። አንድ በአንድ እያየ ማቅለጫው ውስጥ ጨመራቸው። ያልበቃውን ከተጣሉ የቧንቧ መክፈቻዎች ሞላ። በአሸዋ ቅርፅ አውጥቶ አፈሰሰው፣ ሞረደው፣ ወለወለው። የተወለደው ግዙፍ አጭር፣ ሰፊና ከባድ ነበር፤ ሲያስቀምጡት ጠረጴዛው ድምፅ ያሰማል። «ይሄንን ፀሐይ አይችለውም» አለ ኪሩቤል። እጁ በብዙ ቦታ ተቃጥሎ ነበር።

የሶስና ተራ ደረሰ። የቡድኑ ሕግ ቀለም ያልተቀባ ጠረጴዛውን አይረግጥም ይላል። የተወለወለ ነሐስ ላይ ግን ቀለም አልይዝ አለ፤ ቀብታው ስታድር ጠዋት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ደጋግማ ሞከረች፣ ደጋግሞ ተነሳ። በመጨረሻ ሁሉንም ፋቀችና ግዙፉን አቼቶና ጨው ባራሰችው ሰጋቱራ ውስጥ ቀበረችው። ሲወጣ ነሐሱ አረንጓዴ ሆኗል፤ ዘመን የበላው፣ የተረሳ ነገር መስሏል። ኪሩቤል ሲያየው ጮኸ። «ያንን ሁሉ ወልውዬ! ምን አደረግሽው?»

«አስረጀሁት» አለችው። «አሁን ታሪክ አለው።» ከዚያ በቁርጥራጭ መዳብ የፈረሰ የባቡር ጣቢያ ሠርታ፣ በዚያው አረንጓዴ አስመስላ፣ ጠረጴዛው መሐል ላይ አቆመችው።

እንግዶቹ መጡ። አለቃቸው አቤኔዘር ጨዋ ልጅ ነው፤ ጫማውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ አቶ ዘርጋውን ሰላም አለ። ግዙፎቻቸው ከውጭ የመጡ፣ ቀለማቸው የሚያብረቀርቅ ነበሩ። የድሬን ግዙፍ ሲያዩ ግን ከኋላው አንዱ ሳቁን ማፈን አቃተው። አቤኔዘር ግዙፉን አገላብጦ አየና «ይሄ ቀለም ነው ወይስ ዝገት?» ብሎ ጠየቀ።

«በእጄ ያመጣሁት ቀለም ነው» አለች ሶስና።

«እሺ፣ ይለፍ» አለ አቤኔዘር ፈገግ ብሎ። አቶ ዘርጋው ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። ልጆቻቸው ሲሳቅባቸው ማየት አይወዱም።

ያፌት በመጀመሪያው ተራ የነሐሱን ግዙፍ ፈራርሶ በቆመው ጣቢያ ውስጥ አስገብቶ አቆመው። ከዚያ በኋላ አልነካውም። ከሰል አልሰጠውም፣ ዞር ብሎም አላየው። ሌላው ጦሩ እየሳሳ፣ እየተገፋ ሄደ። የድሬ ልጆች ተቁነጠነጡ። ኡመር የሚባለው ባለ ባጃጅ ከዳር ሆኖ «ምነው ያፌት፣ እሱን ሽማግሌ ለማን አስቀመጥከው?» ሊል አፉን ሲከፍት ኢክራም የምትባለው ተጫዋች እግሩን ረገጠችው። ነገሩ ገብቷት ነበር። አቤኔዘር ግዙፉን ረስቶታል። አረንጓዴ በአረንጓዴ ውስጥ ሆኖ ዓይኑ የጣቢያው ግድግዳ አድርጎታል። የሸሸውን ጦር ለመጨረስ አዝማቹን ወደፊት አወጣና በጣቢያው በር ፊት አሳለፈው።

ይሄኔ የድሬ ነፋስ መጣ። አቧራውን ይዞ በበረንዳው ገባና በእነ ያፌት በኩል የቆሙትን ቀላል የፕላስቲክ ወታደሮች ገለበጣቸው። ሕጉ የወደቀ የት እንደነበር ሁለቱ አለቆች ካልተስማሙ መዳፍ ያህል ወደ ኋላ ይመለስ ይላል። አልተስማሙም። የድሬ ጦር በሙሉ መዳፍ ያህል ወደ ኋላ ተመለሰ። የነሐሱ ግዙፍ ብቻ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እሱን ወደ ኋላ የሚመልስ ሕግ የለም።

ያፌት የደረሰውን ከሰል በሙሉ አነሳና ግዙፉ ፊት አስቀመጠ። ለራሱ አዝማች አንዲት ፍሬ አላስቀረም።

«አዝማችህ ራቁቱን ቀረ እኮ!» አለው አቤኔዘር። ያን ጊዜ ነው ያፌት የሚያየውን ተከትሎ ጣቢያውን ያየው። ፊቱ ተለዋወጠ።

ሜትር ተዘረጋ። አቶ ዘርጋው መነጽራቸውን አድርገው ጎነበሱ። ግዙፉ ጥፍር በምታህል ትርፍ ደረሰ። መዳፍ ያህል ቢመለስ ኖሮ አይደርስም ነበር። ዳይሱ ተወረወረ፣ ያ ሁሉ ከሰል ክንዱ ላይ ነበረና አልሳተም፤ ተሸንፎ የማያውቀው አዝማች ተጋደመ። በረንዳው በጩኸት ተናጋ። ወይዘሮ ሩቂያ «ምን ሆናችሁ?» እያለች በአጥር ብቅ አለች።

አቶ ዘርጋው እንባቸው መጣ፣ አልደበቁትም። በቆሻሻ ብረት፣ በአቼቶና በትዕግሥት ይህን የሠሩት የእሳቸው ልጆች ናቸው። አቤኔዘር እጁን ዘርግቶ ያፌትን ጨበጠና ወደ ሽማግሌው ዞረ። «እንግዲህ ጋሼ፣ ስሙን ሳንሰማ አንሄድም።»

አቶ ዘርጋው ግዙፉን በሁለት እጃቸው አነሱት። ደስታው አንደበታቸውን ቀደመ። «ስሙ ነበልባል ነው!» አሉ። ስሙ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው ሌላው የታሰባቸው። ግዙፉ ተሰይሟል። አባ ነበልባል ማን ነው?

ሦስቱም ልጆች ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ።

«አባዬ፣ የነፍሴን ወታደሮች አቅልጬበታለሁ» አለ ኪሩቤል። «ነፋሱ ሁሉን ሲጥል የቆመው እኔ በሰጠሁት ክብደት ነው።»

«ኪሩ ያበራውን እኔ ባላስረጀው አቤኔዘር ገና በሩቁ ያየው ነበር» አለች ሶስና። «ያሸነፈው ዓይኑን ስለሸወድኩት ነው።»

«አስቀምጬ የጠበቅኩት እኔ ነኝ» አለ ያፌት። «አንድ ተራ ቀድሜ ብነካው፣ ትንሽ ከሰል ለራሴ ብሰስት፣ ነሐሱም አረንጓዴውም ጌጥ ሆኖ ይቀር ነበር።»

በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዳኛ ሆነ። ኡመር ስለ ኪሩቤል ማለ፤ «ፈረስ ከሌለ ምኑን ትጋልባለህ? ዋላሂ የእሱ ነው!» ኢክራም ስለ ሶስና ተሟገተች፣ ማንም ያላሰበውን ያሰበች እሷ ናት ብላ። እንግዶቹ ወደ ያፌት አደሉ፤ እነሱን የጣላቸው እሱ ነዋ። «ግዙፎቹን ያቀለጠውም እሱ አይደል እንዴ?» ሲል አንዱ ከኋላ፣ ሌላው መልሶ «ባያቀልጣቸው ነሐሱ ይወለድ ነበር?» አለው። አቤኔዘር ብቻ ወደ ማንም አላደላም። እንዴት እንደተሸነፈ ባወቀ መጠን መወሰኑ እየከበደው ሄደ።

አቶ ዘርጋው ሦስቱንም አዩ። የኪሩቤል እጅ ላይ የአባታቸውን የቃጠሎ ጠባሳ አዩ። ሶስና ነገሩ ሁሉ አበቃለት ሲባል እንደማትተው አዩ፤ አባታቸውም እንደዚያ ነበሩ። ያፌት ያለውን ከሰል በሙሉ እሳት ውስጥ ጨምሮ ለራሱ ምንም አለማስቀረቱን አዩ፤ ይህንን አካፋ ይዞ ከቆመ ሰው በቀር ማን ያደርገዋል? ስሙ ለሦስቱም ይገባ ነበር። አባ ግን አንድ ነው። ሦስት ሰው ልጥራ ቢሉ ልማዱን ያፈረሱ እሳቸው ሊሆኑ ነው፤ ዝም ቢሉ ደግሞ ጠረጴዛው ሲነሳ የአባታቸው ስም እዚያው ይቀራል።

ኢክራም የተጋደሙትን ወታደሮች መልቀም ጀመረች። አቶ ዘርጋው ግዙፉን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ከወንበራቸው ተነሱ። ሦስቱም ልጆች «አቤት» ለማለት ተዘጋጅተው ዓይን ዓይናቸውን ያዩዋቸዋል። ሽማግሌው ለብዙ ዓመት ማንም ያልተጠራበትን ስም ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱ።

እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ «አባ ነበልባል!» ስትሉ ፊታችሁን ወደ ማን ታዞሩ ነበር?