የተቀያየሩት ጥያቄዎች

አንድ ጊዜ የዱር አራዊት ለክረምት የሚሆን ስንዴያቸውን በመቶ ሃያ አቁማዳ ሞልተው በአንድ ትልቅ ዋሻ አስቀመጡ። ንጉሥ አንበሳም «ጅብ እህል አይበላም፤ ከእሱ የተሻለ ጠባቂ ከየት ይመጣል?» ብሎ አያ ጅቦን የጎተራ ሹም አደረገው። ቆጠራውንና ምርመራውን ለእመት አህዪት ሰጣት። ዕድሜዋን ሙሉ ጭነት ስትሸከም የኖረች ናትና የአንድን አቁማዳ ክብደት በጀርባዋ ታውቀዋለች።

ሰኔ ሊገባ ሲል እመት አህዪት ዋሻው ገብታ ቆጠረች። ሰማንያ ሆነ። ደግማ ቆጠረች። ያው ሰማንያ። የአርባው አቁማዳ ስንዴ መሬት ላይ ተዘርግፎ ከሥሩ መሻገት ጀምሯል። ቶሎ ፀሐይ ላይ ካልተሰጣ ሻጋታው ለቀረውም ይተርፋል፤ ክረምቱም የረሃብ ይሆናል። ይህንኑ ጽፋ ለንጉሡ አቀረበች።

«ሁለታችሁም በቴሌቪዥን ቅረቡና አስረዱ፤ አገር ይስማ» አለ አንበሳ።

የዱሩ ቴሌቪዥን ጠያቂ ቀበሮ ነበረች። የቀበሮ ምሳ ደግሞ በየቀኑ ከአያ ጅቦ ቤት ነበር የሚመጣው።

«አያ ጅቦ፣ ይህን ሁሉ ኃላፊነት ተሸክመው እንቅልፍ እንኳ ያገኛሉ?» ብላ ጀመረች።

«ኧረ የት ተኝቼ!» አለ ጅብ እያዛጋ።

«ሕዝቡ በጣም ይወድዎታል። ምሥጢሩ ምንድን ነው?»

«ትሕትናዬ ነው። በትሕትና የሚያህለኝ የለም።»

እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ካከታተለች በኋላ ወደ አህያዋ ዞረች። «አያ ጅቦ አጎትሽን በልተውታል ይባላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፤ ነገር ግን አርባው አቁማዳ…»

«እንግዲያው ቂም አለሽ!»

«ቂም ቢኖረኝም ባይኖረኝም ሰማንያ መቶ ሃያ አይሆንም።»

ቀበሮ እንዲህ እያቋረጠች ብዙ ከጠየቀቻት በኋላ በመጨረሻ፣ «ከጎተራው አንዳች ቀምሰሻል?» አለቻት።

«አንዲት ፍሬ ስንዴ። መሻገቱን ለማረጋገጥ ነው፤ በሪፖርቱ ገጽ ሦስት ላይ…»

«ተመልካቾቻችን፣ በልታለች! ጊዜያችን አልቋል!»

በአንድ ዋርካ ሥር ተሰብስበው ቴሌቪዥኑን ያዩ የነበሩት አራዊት ተንጫጩ። «እህል ቆጣሪዋ እህል በላች!» እያለ ዝንጀሮ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ዘለለ። ጩኸቱ ንጉሡ ጆሮ ደረሰ። አንበሳም እመት አህዪትን አስጠርቶ፣ «ቅዳሜ በቀጥታ ሥርጭት ሁለታችሁም ትቀርባላችሁ። ያን ቀን ካላሳመንሽ ሹመትሽን ትለቂያለሽ» አላት።

እመት አህዪት ቤቷ ገብታ አላለቀሰችም፤ ቆጠረች። ለአያ ጅቦ የቀረቡለት ጥያቄዎች ዘጠኝ ነበሩ። ከዘጠኙ ስለ አቁማዳ የሚያነሳ አንድም የለም። ለእሷም የቀረቡት ዘጠኝ ነበሩ። ከዘጠኙ እስከ መጨረሻው እንድትመልስ የተፈቀደላት አንድም የለም።

ቅዳሜ ሦስቱም ስቱዲዮ ተቀመጡ። ጅብ አህያዋን አየት አድርጎ ምራቁን ዋጠ። ቀበሮ አፏን ሳትከፍት እመት አህዪት ጆሮዋን አቆመች።

«እመት ቀበሮ፣ አንድ ልመና አለኝ። ባለፈው ለአያ ጅቦ ያቀረብሽውን ጥያቄ ለኔ፣ ለኔ ያቀረብሽውን ለእሳቸው አድርጊልን።»

«ጥያቄ የሚመርጠው ጠያቂ ነው!»

«እኔ መች መረጥኩ? ሁሉም ያንቺው ናቸው።»

የስቱዲዮው ስልክ ጮኸ። አንበሳ ነበር። «ይቀያየሩ! ‹አንቺ›ና ‹እርስዎ›ም ጭምር!» አለና ዘጋው።

ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እመት አህዪት፣ ሕዝቡ… ሕዝቡ በጣም ይወድዎታል። ምሥጢሩ ምንድን ነው?»

ዋርካው ሥር ሳቅ ፈነዳ።

«መወደዴን አላውቅም። የማውቀው አርባ አቁማዳ መጥፋቱን ነው» አለች አህያዋ።

«እንቅልፍስ ያገኛሉ?»

«ስንዴው ሲሰጣ እተኛለሁ።»

ቀበሮ ላብ እያጠመቃት ወደ ጅቡ ዞረች። «አያ ጅቦ፣ ከጎተራው አንዳች… ቀምሰሃል?»

«እኔ? እህል?» ጅብ ከት ብሎ ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! እህል ምኑ ይበላል? አንዲት ፍሬ አልነካሁም! እየዘረገፍኩ የአቁማዳውን ቁርበት ብቻ ነው የበላሁት። ስንዴውማ እዚያው መሬት ላይ አለ፤ ሂዱና እዩት!»

ቀበሮ እንደ ልማዷ «ጊዜያችን…» ብላ ስትጀምር ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ጊዜ አለን» አለ አንበሳ።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ አራዊቱ ሁሉ ስንዴውን እየተሸከሙ አውጥተው ሜዳ ላይ አሰጡት። ዝንጀሮ እየዘፈነ አገላበጠው፤ ቆቅና ጅግራ የሻገተውን ለቀሙ። የመጀመሪያው ዝናብ ሳይጥል ደርቆ ገባ፤ ክረምቱም ማንም ሳይራብ አለፈ። ከሹመቱ የተባረረው አያ ጅቦ ብቻ ዋሻው በር ላይ ቆሞ፣ «ለቀሩት ሰማንያ አቁማዳዎች ማን ያስብላቸዋል?» እያለ አዘነ። ቀበሮም ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ከአንድ ወረቀት እያነበበች ትጠይቃለች፤ ምሳዋንም ከቤቷ ቋጥራ ትመጣለች።

ከዚህ የምንማረው ጠያቂ ለአንዱ ማር፣ ለሌላው እሬት ይዞ ሲቀርብ፣ ማሩንና እሬቱን አቀያይሮ ማቅመስ እውነቱን እንደሚያወጣው ነው።