አይጧ ያጠናችው ሰው

«አይጥ የሚያስተምር አንድ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ፣ ድንበሩ ስለ ልጁ ጠይቆ ሲጨርስ። ድንበሩ፣ «የኔታ፣ ማታ ማታ ራሴ አስጠናታለሁ። ፊቴ ስትቀርብ ግን አንደበቷ ይተሳሰራል። ቀለም ካልገባት ከትምህርት ቤት ላስወጣት ወይ?» ነበር ያላቸው።

ሰውየው የእንስሳትን አእምሮ የሚመረምር ሊቅ ነበረ። አይጦቹን በየሣጥኑ ያኖራል፤ መብራት ሲበራ በሣጥኑ ውስጥ ያለችውን ትንሽ እንጨት ለተጫነች አይጥ እህል ይወርድላታል። ሁሉም ለመዱት። አንዲት ግራጫ አይጥ ብቻ መብራቱ በበራ ቁጥር ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ሊቁ ይቆጣል፣ ሣጥኑን በጡጫው ይመታል። በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠና፣ «ይቺስ ደንቆሮ ናት፤ ነገ ትገደል» ብሎ አዘዘ።

በዚያው ዕለት ዝናብ ያዘው። ጫማው ጭቃ በጭቃ ስለሆነ ከደጅ አውልቆ አይጦቹ ወዳሉበት ቤት በባዶ እግሩ ገባ። መብራቱ በራሱ ጊዜ የሚበራ ነውና በራ። ግራጫዋ አይጥ ተነሣች፤ እንጨቷን ተጫነች፤ እህሏን በላች። ደግሞ በራ፤ ደግማ ተጫነች። ሊቁ ባለበት ደርቆ ቀረ። ሳያስበው ጉሮሮውን ቢጠርግ፣ አይጧ በቅጽበት ጥጓ ገብታ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች።

ያን ጊዜ ገባው። የመብራቱንማ ትምህርት ከጓደኞቿ ጋር ጨርሳዋለች። ከዚያ አልፋ የምታጠናው እሱን ነበር፤ ኮቴውን፣ ሳሉን፣ ቁጣው የሚመጣበትን ሰዓት። ይህ ሁሉ አውራ ጣት በምታክል ራስ ውስጥ! ሊቁ ፈራም፣ ደስም አለው፣ እንባው መጣ። ያን ሁሉ ዓመት መርማሪው እሱ ብቻ መስሎት ኖሯል።

አይጧ እንዳትገደል አዘዘ፤ ከዚያ ወዲያም ጫማውን ሳያወልቅ እዚያ ቤት ገብቶ አያውቅም። ባልደረቦቹ «ቤተ መቅደስ አደረግኸው እንዴ?» እያሉ ሳቁበት። እሱም፣ «ምን ላድርግ፣ የእግዜርን ሥራ እዚያ አየሁ» አላቸው።

የኔታ ወደ ድንበሩ ዞሩ።

«ሊቁ አንተ ነህ ልጄ፣ አትቀየመኝ። ልጅህ አንተ በሌለህበት አንብባ አታውቅም?»

ድንበሩ መሬት መሬት እያየ፣ «ለታናሽ ወንድሟ ተረት ስታነብለት ሰምቻለሁ» አለ። «በቃሏ የያዘችው መስሎኝ ነበር።»

«እንግዲያው ያስተማርካትን ሁሉ ተምራለች፤ ቁጣህንም ጭምር። ዛሬ ቤትህ ስትገባ ጫማህን ከደጅ አውልቅ።»